ኦሜር ያስሞላው ናፍጣ

ታንከሩ የተቀበረው ከወጥ ቤቱ መስኮት በታች፣ ከጽጌረዳው ቁጥቋጦ አጠገብ ነው። ከመሬት በላይ የሚታየው ክዳን ያለው የቱቦ አፍና የመተንፈሻው ቀጭን ብረት ብቻ ነው። በረዶው ሲከመር እነሱም አይታዩም። ስለዚህ ባሌ ኦሜር በየዓመቱ የድንች ለቀማ ሲያበቃ አጠገቡ ቀይ ጨርቅ ያሰረበት እንጨት ይተክል ነበር። ዘንድሮ እንጨቱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ቀይ ጨርቅ ስላላገኘሁ የወጥ ቤት ፎጣ አሰርኩበት።

ቤቱን የሚያሞቀው ናፍጣ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ የለንም፤ ያለን ምልክት የተቀረጸበት ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉን በቱቦው አፍ ወደ ታች ይሰዱታል፤ የታንከሩን ወለል ሲነካ ቀጥ አድርገው ያወጡትና እስከ የት እንደራሰ ያያሉ። ኦሜር ይህን የሚያደርገው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ነበር። ከውጭ ሲመለስ የራሰውን ጫፍ ከጀርባው ደብቆ በሩ ላይ ይቆማል።

«ገምቺ» ይለኛል።

«በሩን ዝጋና እገምታለሁ።»

«መጀመሪያ ገምቺ።»

ካወቅሁ ቁርሱን እሱ ይሠራል፤ ከሳትኩ እኔ። አብዛኛውን ጊዜ አውቀው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማሞቂያው ምድር ቤት ውስጥ ሲነሳና ሲጠፋ ስሰማ ስለምሰነብት ነው። እሱ ግን በመስኮት ሰርቀሽ አይተሻል እያለ ይከሰኝ ነበር። ፕሎዩን አሳርሮ ያቀርብልኛል፤ ፕሎይ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚጋገር ቂጣ ስለሆነ ማሳረር ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ኦሜር የሞተው ድንቹ ተለቅሞ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከለቀማው በፊት፣ ገና ሙቀት ሳለ፣ የቦቴው ወረፋ ሳይበዛ ብሎ ታንከሩን እስከ አፉ አስሞልቶት ነበር። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ከመስኮቴ በታች እሱ ያስሞላው ናፍጣ ነበር። ጠዋት ማሞቂያው ጎርጎር ብሎ ሲነሳ፣ በየክፍሉ ያሉት የማሞቂያ ብረቶች መሞቅ ሲጀምሩ፣ የምሞቀው እሱ አስቦ ያስቀመጠልኝን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በልቤ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ፤ በላዩ ሌላ ናፍጣ ሳላስጨምርበት፣ የአካባቢያችን ወንዝ በረዶ ቀልጦ እስኪፈታ በዚሁ ክረምቱን እወጣለሁ። ወንዙ ከተፈታ በኋላ ምን እንደምሆን አላሰብኩበትም።

ቤታችን ለሁለት ሰው ሲሞቅ አንድ ታንከር ክረምቱን አያወጣም። ለአንድ ሰው፣ ያውም ከቆጠበች፣ ምናልባት። ፎቁን ዘጋሁት። ሳሎኑን ዘጋሁት። አልጋዬን አውርጄ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ልብስ መተኮሻ ክፍል አስገባሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያውን የውሃ ቧንቧ በብርድ እንዳይፈነዳ ብቻ በሚበቃ ልክ ላይ አደረግሁት።

የኦሜር ታላቅ እህት ሮዚያን በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ባቄላዋን በድስት ይዛ ትመጣለች። ድሮ ገና ከበሩ ሳታልፍ ኮቷን ወርውራ ወንበር የምትስብ ሴት ነበረች። ዘንድሮ ከነኮቷ መቀመጥ ጀመረች።

«ኤርሚን፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ቤቱን ለሥጋ ነጋዴ ልታከራዪው ነው?»

«ሹራብ ጨምሪ።»

«ጨምሬያለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ከደረብኩ በበሩ አልወጣልሽም። ወንድሜ ጎተራ ውስጥ ለድንቹ የሚያነደው እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር።»

«ድንች ይበላሻል። እኔ አልበላሽም።»

«እሱን እናያለን።» ባቄላውን ጨልፋ ሰጠችኝና እንፋሎቱ ላይ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቸግሮሽ ነው?» አለች።

«አልቸገረኝም።»

«ታዲያ ጋይታንን ለምን አትጠሪውም?»

«ገና አለ።»

ጋይታን የናፍጣ ቦቴ ነጂ ነው። እኛ አካባቢ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለ፤ ቦቴው ጊዜውን ቆጥሮ ሳይጠራ የሚመጣለትና ሲያልቅበት ራሱ ደውሎ የሚጠራ። ኦሜር ሁልጊዜ ከጠሪዎቹ ነበር። «የኔን ታንከር ሆድ እኔ ነኝ የማውቀው» ይል ነበር። ስሙ አሁንም በጠሪዎቹ ውስጥ ስላለ፣ እኔ ካልደወልኩ ማንም አይመጣም።

በመጀመሪያ እንደ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምለካው። ከገና በኋላ ረቡዕንም ጨመርኩ። ኋላ በየማለዳው ሆነ። ለመለካት ብቻ አልነበረም። ክዳኑ ሲከፈት ከታች የሚወጣ ሽታ አለ፤ የሥራ ኮቱ ሽታ፣ የጓንቱ ሽታ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ሲቆም ከእሱ ጋር የሚገባው ሽታ። በረዶው ላይ ተንበርክኬ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ ዘንጉን እሰዳለሁ፣ አያለሁ፣ እጠርገዋለሁ። ክዳኑን በእጄ አዙሬ እዘጋውና እገባለሁ፤ ነገም የምከፍተው ነው።

ታንከሩ በጎኑ የተጋደመ በርሜል ስለሆነ ዘንጉ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ እኩል አይደለም። በሰፊው ሆዱ ላይ አንድ ጣት ብዙ ናፍጣ ነው። ወደ ታች ሲሆን ይጠባል፤ አንድ ጣት ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ሲወርድ የነበረው ኋላ ይፈጥናል። ይህን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም መፍጠኑን ሳይ ደነገጥኩ። አስልቼ አየሁት። ወንዙ እስኪፈታ የሚደርስ አልነበረም። ሻይ ማፍያውንም በኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ ትንሽ አቆየው ጀመር፤ ወጥ ቤቱን እንዲያሞቅልኝ።

ከዚያ በክረምቱ መካከል ዝናብ መጣ። አንዳንድ ዓመት እንዲህ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ይሞቅና በረዶው ላይ ይዘንባል፣ አሸንዳው ሌት ተቀን ይፈስሳል፣ ግቢው ሁሉ ኩሬ ይሆናል። ከዚያ ነፋሱ ከሰሜን ይመለስና ሁሉም እንደ መስተዋት ይጋገራል።

ከዚያ ዝናብ በኋላ ዘንጉ መውረዱን አቆመ።

ዛሬ የነበረበት ምልክት ላይ በማግስቱም አገኘሁት። ሌላ ቀን ጠብቄ ለካሁ፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ። ሞቃት ቀናት ስለነበሩ ነው አልኩ። ስለቆጠብኩ ነው አልኩ። ራሴን ማሳመን አልከበደኝም፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም። ያን ሰሞን ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ደህና ቁርስ በላሁ።

ሮዚያን እሑድ መጥታ አንድ ጊዜ አየችኝና፣ «ዛሬ ፊትሽ በርቷል። ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ናፍጣው አይወርድም።»

«አይወርድም ማለት?»

«ቆሟል። ያለበት ነው ያለው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኤርሚን፣ ማሞቂያው እየነደደ ናፍጣ ቆሞ አያውቅም።»

«የቆጠበ ሰው ያቆመዋል።»

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይህን ነው? ኧረ እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ድንች መልቀም መግባቴ በጀኝ!»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

መጋዘን ውስጥ፣ ኦሜር መፍቻዎቹን በሚያስቀምጥበት ሣጥን፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለች ትንሽ ቱቦ አለች። ውስጧ ያለው ቅባት ናፍጣ ሲነካው እንዳለ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይቀላል። ኦሜር በረዶ በቀለጠ ቁጥር የዘንጉን ጫፍ ይቀባና አንድ ጊዜ ወደ ታች ይሰደው ነበር። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ወደ ታንከሩ ከገባ ከሥር ይተኛል፣ ናፍጣውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ዘንጉ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። የራሰ እንጨት የራሰ እንጨት ነው።

ቱቦዋን አግኝቼ በሽርጤ ኪስ ያዝኳት። ከኪሴ ግን አላወጣኋትም።

በሳምንቱ አጋማሽ ጋይታን መጣ። ትምህርት ቤት ሳስተምር ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ራሱ ልጆች አድርሷል፤ እስከ ዛሬ ግን ቲቸር ነው የሚለኝ። ቦቴውን በሩ ላይ አቁሞ ጥሩንባውን ነፋ።

«ቲቸር! በሕይወት አሉ?»

«አለሁ። ቡትህን አራግፈህ ግባ።»

«አልገባም፤ በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።»

«በዚህ የሚያልፍ መንገድ የለም፣ ጋይታን። መንገዱ የሚያልቀው እኔ በር ላይ ነው።»

አንገቱን አከከ። «እሺ፣ ሮዚያን ናት የላከችኝ። እንዳልነግርዎት አስምላኛለች። እንዳልነገርኩዎት ይቁጠሩልኝ።»

«ቆጥሬልሃለሁ።»

«ዘንጉ አይወርድም አሉ።»

«አይወርድም።»

«ልየው?»

«አያስፈልግም። ሲያልቅ እደውልልሃለሁ። ልማዳችን እንደዚያ ነው።»

አሸንዳውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ የወጥ ቤት ፎጣ የታሰረበትን እንጨቴን አየ። «የሚቀላው ቅባት አለዎት?» አለ።

«አለኝ።»

«ኦሜር በረዶ ሲቀልጥ ሁሌ ነበር የሚቀባው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁማ ጥሩ» አለና ቦቴው ላይ ተሰቀለ።

ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀን ቅባቱን ሳልነካ እየለካሁ ቆየሁ። ጥያቄው ቀላል ነበር። መልሱን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅሁት። ምልክቱ ባለበት እስካለ ድረስ በየጠዋቱ ከኦሜር ዘንድ ደርሼ የተመለስኩ ያህል ነበር።

አንድ ጠዋት ማሞቂያው ሳል ጀመረ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። ምድር ቤት ወርጄ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ያን ድምፅ ምን ያህል ስሰማው እንደነበር አወቅሁ።

ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ዘንጉን በጉልበቴ ላይ አስተኝቼ የታችኛውን ግማሽ ቅባቱን ቀባሁት። ሰደድኩት። እንዲይዝ ትንሽ ጠበቅሁና ሳብኩት።

ቀልቷል። ከታች ጀምሮ ቀይ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄዶ፣ የራሰው ሊያበቃ አንድ ጋት ያህል ሲቀረው ቀዩ ቆመ። ከዚያ በላይ ያለው አንድ ጋት ብቻ የኦሜር ናፍጣ ነበር። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አለ። ወደ ማሞቂያው የሚወስደው ቧንቧ ግን የሚጠጣው ከታች ነው፤ አፉ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ናፍጣው እዚያው እያለ ለእኔ አይደርስም።

ገብቼ ለጋይታን ደወልኩ።

ከቦቴው መጀመሪያ የወረደችው ሮዚያን ናት። «እኔ ሳልኖር ማንም አይነካትም ብዬው ነው» አለች፤ ማንን እንደሆነ አልገለጸችም። ጋይታን ትንሹን የውሃ መሳቢያ ጎትቶ መጣና ቱቦው አፍ ላይ ተንበረከከ። ክዳኑን በሁለት ጣቱ አዞረው። ወዲያው ተከፈተለት።

«ቲቸር፣ ክዳኑን በምንድን ነው የሚያጠብቁት?»

«በእጄ።»

«ኦሜር በመፍቻ ነበር።» የክዳኑን ጎማ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከአሸንዳው የወረደው ውሃ የተጋገረበትን ጉድጓዳ ቦታ በእግሩ ነካ አደረገ፤ የቱቦው አፍ መሐሉ ላይ ነበር። «ስንቴ ይከፍቱታል?»

እንጨቱ ላይ የታሰረውን ፎጣ አጠበቅሁ።

«ጋይታን» አለች ሮዚያን፣ «ሥራህን ሥራ።»

እንዳያልቅብኝ ስጠብቀው በየጠዋቱ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። በመፍቻ ሳላጠብቀው ውሃውን ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

«ውሃውን ሙልጭ አድርጌ አወጣዋለሁ» አለ ጋይታን፤ «ከዚያ እሞላዋለሁ። እስከ ምሳ ቤቱ ይሞቃል።»

«የነበረውስ?»

«የቱ የነበረው?»

«ናፍጣው።»

«እሱማ ምን አላት! እዚያው ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።»

«እንግዲያው አትሙላ» አልኩት። «ውሃውንም ሁሉ አታውጣው። ናፍጣው ዝቅ ብሎ ቧንቧው አፍ ላይ እስኪደርስ ያህል ብቻ አውጣ፤ ሌላውን ተወው።»

መሳቢያውን ይዞ ትንሽ አየኝ። «ውሃው ከሥር ይያዘው ነው የሚሉኝ?»

«አዎ። ይቻላል?»

«መቻሉ ይቻላል። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።» በጓንቱ አፍንጫውን ጠረገ። «ሲያልቅ እኮ ያው ውሃ ይስብና ድርግም ይላል። መጥቼ መስመሩን ሁሉ ማጠብ አለብኝ።»

«ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ፣ የት አባቴ እሄዳለሁ! በእርስዎ ቁጠባ ሳምንት ያህል ይወስድዎታል። እንደ ሰው ከሞቁ ግን ነገ ነው የሚያልቀው።»

ሥራውን ጨርሶ፣ ምድር ቤት ወርዶ መስመሩን አጥቦ ማሞቂያውን አስነሳ። ጎርጎርታው ከወለሉ ሥር ተመለሰ። ቡና ልስጥህ ስለው፣ ሌላ ቤት እየጠበቁኝ ነው ብሎ ሄደ።

ሮዚያን ወጥ ቤት ውስጥ ከነኮቷ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። «መቼም ሳምንቱን በዚህ ብርድ ልትቀመጪ አይደለም» አለች። «እኔ ዘንድ ነይ። ድመቷ እንግዳ ባትወድም እመክራታለሁ።»

የሙቀት መቆጣጠሪያው ጋ ሄድኩ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊያዞረው ነበር። ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ከዚያ ሳሎኑን ከፈትኩ። ወደ ፎቅ ወጥቼ እያንዳንዱን በር፣ የኛንም መኝታ ቤት፣ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የቀዘቀዙት ብረቶች ሙቀቱ ሲገባባቸው ቀጭ ቀጭ፣ ጓ ማለት ጀመሩ። ቤቱ በሙሉ አንድ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል እየሄደ የሚያንኳኳበት ይመስል ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁት።

ስወርድ ሮዚያን ኮቷን አውልቃ ነበር። ምሳ ሠርተን እስክንቀመጥ ሹራቧንም አወለቀች፣ ከሥሩ ያለውንም። መስኮቱ አላበው። የባቄላውን ድስት ክዳን ይዛ ፊቷን ታራግባለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሐል የሚባል ነገር አታውቂም? ስታቀዘቅዢኝ ከርመሽ አሁን ደግሞ ልትቀቅዪኝ ነው?»

«መስኮት ልክፈትልሽ?»

«ተይው!» አለች በጥድፊያ። ክዳኑን አስቀመጠች። ከምድር ቤት ወደሚመጣው ድምፅ ጆሮዋን ሰጠች። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ «ይሄ የሱ ነው አይደል?» አለችኝ። «ከለቀማው በፊት ያስሞላው ነው።»

«አዎ።»

«ሌላ አልጨመርሽበትም።»

«አልጨመርኩም።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ ወይም ታዝንልኛለች ብዬ፤ ሁለቱንም አልፈልግም ነበር። እሷ ግን ፊቷ እንደ ተበደለ ሕፃን ሆነ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «እኔም እኮ እህቱ ነኝ። በየእሑዱ እዚህ ከነኮቴ ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ... ብትነግሪኝ ኮቴን አወልቅ ነበር። እኔም እሞቀው ነበር፣ ኤርሚን።»

አንድ ክረምት ሙሉ አብራኝ ስትበላ ወንድም እንደሞተባት አላየሁም ነበር። ሳህኗን አንስቼ ባቄላ ጨመርኩላት። ባቄላውን የሠራችው ራሷ ነበረች፤ ቢሆንም ተቀብላኝ በላች።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ይህ ቤት የአባታቸው ስለነበር፣ ፎቅ ላይ የልጅነት መኝታዋ በነበረው ክፍል በስስ ቀሚስ ተኛች። እኔም ወደ አልጋችን ክፍል ተመለስኩ፤ ፍራሹ ታች ስለነበር ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ያለ ካልሲ፣ ብርድ ልብሱን ገፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ድንች ስንልጥ ማሞቂያው አሳለ። ሮዚያን ቢላዋዋን ይዛ ቀረች። አንዴ ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ዝም አለ።

«ደውዪለት» አለች።

«ገና ሙቀት አለ።»

ወንበሮቻችንን ስበን መስኮቱ ሥር ካለው ብረት አጠገብ ተቀመጥንና እጆቻችንን ላዩ ላይ አደረግን፣ የእሷን ከኔ አጠገብ። ውጭ ጸሐዩ በረዶው ላይ ነበር። ሮዚያን አንዴ ብቻ፣ «እዚህ ጋ ገና ትኩስ ነው፣ ወደዚህ አምጪው» ብላ እጄን ወደ ራሷ በኩል ሳበችው። ብረቱ ከእጃችን ይልቅ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሳንም። ከዚያ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት፤ የጋይታንን ቁጥር የነገርኳት እኔ።